የሶላር ፓነል ቅብ፦ ከመቀባት በፊት ምን ይታያል፣ እንዴትስ ይቀባል?

ምንም ያልተቀባ መስታወት በፊቱ ላይ ከሚያርፈው ብርሃን 4 በመቶ ያህሉን መልሶ ያንጸባርቃል። ይህን ለመቀነስ ብዙ አምራቾች መስታወቱን ጥቃቅን ቀዳዳ ባለው የሲሊካ (የአሸዋና የመስታወት ዋና ማዕድን) ቅብ ይሸፍኑታል። ውፍረቱ ከ100 እስከ 150 ናኖሜትር (የሚሊሜትር ሚሊዮንኛ)፣ በፓነሉ ኃይል ላይ የሚጨምረውም ከ2 እስከ 3 በመቶ ነው። ስለዚህ አስቀድመው የፓነሉን የመረጃ ወረቀት ይመልከቱ። ቅቡ ከፋብሪካ ካለ ሌላ አይደርቡበት፤ ቀዳዳዎቹ ከተደፈኑ ነጸብራቁ ይብሳል፣ ዋስትናውም ሊቀር ይችላል።

ራስን የሚያጸዳ የሚባለው ቅብ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ውሃን ይገፋል፤ ጠብታው ሲንከባለል አቧራውን ይዞ ይወርዳል። ሌላው፣ ብዙውን ጊዜ ቲታኒየም ዳይኦክሳይድ ያለበት፣ ውሃውን በስሱ ይዘረጋዋል፤ በአልትራቫዮሌት ጨረርም ስስ የቅባት ቆሻሻን ያፈርሳል። ወፈር ብሎ ከተቀባ ግን ነጸብራቅ ይጨምራል። ስሙ ቢያማልልም ሁለቱም ያለ ውሃ አያጸዱም። በደረቅ ወራት ማጠቡ አይቀርም። ከ10 ዲግሪ በታች ያዘነበለ ፓነል ላይ ደግሞ ውሃው ታችኛው ጠርዝ ጋር ተኝቶ ይደርቅና የጭቃ መስመር ይሠራል።

ለመቀባት ኢንቨርተሩን (የፓነሉን ቀጥተኛ ጅረት ወደ ተለዋዋጭ ጅረት የሚቀይረውን መሣሪያ) ያጥፉ፤ ፓነሉ ቀዝቀዝ ባለበት፣ ጠል ከደረቀ በኋላ ይጀምሩ። ማዕድን በሌለው ውሃና በለስላሳ ስፖንጅ ያጥቡ። ሻካራ ብሩሽ ይጭራል፤ ሶዳነት ያለው ሳሙና ሲሊካን ይበላል፤ የጉድጓድ ውሃ ነጭ የካልሲየም እድፍ ይተዋል። ሲደርቅ በአይሶፕሮፒል አልኮል በራሰ ማይክሮፋይበር ጨርቅ ቅባቱን ያንሱ። ይህ ከተዘለለ ቅቡ አይዝም፣ ይላጣል። ከዚያ ፈሳሹን በጨርቁ ላይ አድርገው አንዴ አግድም፣ አንዴ ቁልቁል በስሱ ይቀቡ፤ ትርፉን ሳይደርቅ በሌላ ደረቅ ጨርቅ ይጥረጉ። በጋለ መስታወት ላይ ፈሳሹ ሳይዘረጋ ስለሚደርቅ ዥንጉርጉር ይሆናል። የማድረቂያ ጊዜው መመሪያው ላይ አለ፤ እስከዚያ ዝናብም ጠልም አይንካው።

ሁሉንም በአንድ ቀን አይቀቡ። ተመሳሳይ ሁለት ፓነሎች መርጠው አንዱን ብቻ ይቀቡ፤ ከመቀባቱ በፊትና በኋላ፣ ጠራ ባለ ቀትር፣ የሁለቱን የአጭር ዙር አምፔር (የፓነሉ ሁለት ሽቦዎች በቀጥታ ሲገናኙ የሚያልፈውን ጅረት) በደቂቃ ልዩነት ውስጥ ይለኩ። የዛሬ ፓነሎች ከ10 አምፔር በላይ ስለሚሰጡ የተራ መልቲሜትር ፊውዝ ይቃጠላል፤ ቀጥተኛ ጅረት የሚለካ ክላምፕ ሜትር (ሽቦውን ዙሪያውን አቅፎ የሚለካ መሣሪያ) ይጠቀሙ። ጅረት እያለፈበት ያለ ማገናኛ ፈጽሞ አይንቀሉ፣ እሳት ይፈነጥቃል።