ስትስሉ እጃችሁን የሚያስሩ ስህተቶች

ጅማ ውስጥ መሳል የሚወዱ ብዙ ወጣቶች አውቃለሁ። ችሎታቸው አይታማም። ግን እርሳስ ሲያነሱ ፊታቸው ይኮሳተራል፣ ትከሻቸው ይወጠራል፣ ግማሽ ሳይደርሱ ወረቀቱን ጨምድደው ይጥሉታል። የሚጥሩት ከበቂ በላይ ነው። "ዛሬ የሚያስደንቅ ሥራ ልሥራ" ብሎ የተቀመጠ ሰው፣ ፊቱ ያለውን ነገር ለማየት ጊዜ የለውማ!

ሳያዩ መጀመር። ጂሬን ወጥታችሁ የአባ ጅፋርን ቤተ መንግሥት ስትስሉ አብዛኞቻችሁ ፎቶ ላይ የምናውቀውን የፊት ገጽታ ነው የምትደግሙት። ሕንፃውን ሙሉ ለማውጣት አትጨነቁ። አንድ የእንጨት ምሰሶ ምረጡና ጠይቁት። ጥላው የት ይወድቃል? ዝናብ እንደ ጅማ በሚበዛበት አገር እንጨት ይሄን ሁሉ ዘመን እንዴት ቆየ? ውሃው በየት በኩል ይወርዳል? መልሱን ስትፈልጉ እጃችሁ ሳታስቡት ይፈታል።

ድካምን የጥራት ማስረጃ ማድረግ። "ሌሊቱን ሙሉ ሠራሁት" ሲባል ብዙ ጊዜ እሰማለሁ። እሺ፣ ግን ሌሊቱን ሙሉ ምን አየህ?

የጅማን በርጩማ የሚፈለፍል ባለሙያ አጠገብ ቁሙና እዩ። በርጩማው ከአንድ ግንድ የሚወጣ ስለሆነ፣ ሚስማር ስለሌለው፣ ከመጠን በላይ የተቆረጠ ነገር ተመልሶ አይቀጠልም። ስለዚህ ሰውዬው እንጨቱን ያገላብጣል፣ ያያል፣ ይመታል፣ ደግሞ ያገላብጣል። ክንዱ ይደክማል፣ ልክ ነው። ሐሳቡ ግን እንጨቱ ወዴት እንደሚሄድ ላይ ነው። በርጩማውን ስትስሉም እግሩ ለምን ሦስት እንደሆነ አስቡ። ወጣ ገባ ባለ ወለል ላይ አራት እግር ይናጋል፣ ሦስት እግር ግን ምንጊዜም መሬት ይነካል። ይሄን አውቃችሁ ስታዩት እግሮቹ ምን ያህል ወደ ውጪ እንደተከፈቱ፣ ክብደቱ በየት በኩል እንደሚወርድ ይታያችኋል። ለእኔ ከዚህ የተሻለ የንድፍ ትምህርት የለም።

ላጲስ ቶሎ ማንሳት። የተሳሳተውን መስመር ተዉት። ሁለተኛውን ከጎኑ አስምሩ። ልዩነቱን ማየት የምትችሉት ሁለቱም ሲኖሩ ነው።

ከስልክ ፎቶ ብቻ መሳል። ሐሙስ ገበያ ሂዱ። ማንም ቆሞ አይጠብቃችሁም፣ ጥሩነቱም እዚያ ላይ ነው፤ ዕቃ የምታነሳ ሴት ወገብ፣ አንገት፣ ክንድ፣ ሦስት አራት መስመር ብቻ ይዛችሁ ትቀራላችሁ፣ ያ ደግሞ ይበቃል። ፊት መሳል ከፈለጋችሁ ግን መጀመሪያ አስፈቅዱ።

"ያምራል?" ብሎ መጠየቅ። በተለይ ሥራው ሳያልቅ ቴሌግራም ላይ ለጥፎ። "ያምራል" ከተባላችሁ ያንኑ ትደግማላችሁ፣ ዝም ከተባላችሁ ትተዉታላችሁ። በሁለቱም መንገድ የራሳችሁ ጥያቄ ይጠፋል። ጓደኛችሁን "ዓይንህ መጀመሪያ የት አረፈ?" በሉት፤ የሚጠቅም መልስ ታገኛላችሁ።

ስሜት እስኪመጣ መጠበቅ። ከበቂ በላይ መጣሩን ተዉ ስል እጃችሁን አጣጥፉ ማለቴ አይደለም! የቡና አበባን አስቡ። ከደረቁ ወራት በኋላ ዝናብ ሲነካው ቅርንጫፉ ነጭ ይለብሳል፣ በጥቂት ቀናት ውስጥ ደግሞ ይረግፋል። ደብተራችሁን ይዛችሁ አበባው ቅጠሉ ሥር እንዴት እንደተጠጋጋ እዩ፣ የአንዱን አበባ ነጫጭ ቅጠሎች ቁጠሩ፣ አብዛኛውን ጊዜ አምስት ናቸው። ካመለጣችሁም ዛፉን አትተዉት። ፍሬው እስኪቀላ ብዙ ወራት ይፈጃል፣ ስለዚህ አንድ ቅርንጫፍ ላይ ክር እሰሩና በየሳምንቱ ያንኑ ሳሉ፤ ካለፈው ሳምንት ምን እንደተለወጠም ከሥሩ በአንድ መስመር ጻፉ።