መብራት ሲሄድ ሬድዮው እንዳይሄድ፦ ለቤት አማተር ሬድዮ የባትሪ መጠባበቂያ እንዴት እንደሚሠራ

አራት ኪሎና ፒያሳ አካባቢ አፓርታማ ውስጥ ሆኖ በአማተር ሬድዮ፣ ማለትም ግለሰቦች ለንግድ ሳይሆን በትርፍ ጊዜያቸው በሚገናኙበት ሬድዮ፣ ለሚያዳምጥ ሰው ትልቁ ጠላት ሰፈሩ ራሱ ነው። የጎረቤት ኤልኢዲ አምፖል፣ የስልክ ቻርጀር፣ የዲሽ ሪሲቨር፣ ሁሉም በ40 ሜትር ባንድ (አማተሮች በሚጠቀሙበት 7 ሜጋኸርዝ አካባቢ ባለው የአጭር ሞገድ ክልል) ላይ ይጮኻሉ፣ ማለትም የሬድዮ ረብሻ ይለቃሉ። መብራት ሲሄድ ግን ሰፈሩ በአንዴ ጸጥ ይልና ከጩኸቱ ሥር ተቀብረው የነበሩ የሩቅ ጣቢያዎች ብቅ ይላሉ። ለማዳመጥ ከዚህ የተሻለ ሰዓት የለም። መጠባበቂያውን ስንሠራ እንግዲህ ጸጥታውን ራሳችን እንዳናበላሸው መጠንቀቅ አለብን።

ስለዚህ ኢንቨርተር አልመክርም። አብዛኛው የቤት ትራንሲቨር (የሚቀበልም የሚያስተላልፍም ሬድዮ) የሚሠራው በ13.8 ቮልት ነው። ኢንቨርተሩ የባትሪውን 12 ቮልት ወደ 220 ያወጣል፣ የሬድዮው ፓወር ሰፕላይ ደግሞ መልሶ ያወርደዋል፤ በሁለቱም ጉልበት ይባክናል፣ በዚያ ላይ ኢንቨርተሩ ራሱ ይጮኻል። ሬድዮውን በቀጥታ ከባትሪው ማብላት ይሻላል።

መጀመሪያ ስሌት

100 ዋት የሚያወጣ ሬድዮ ሲያዳምጥ 1 አምፔር ገደማ፣ ሲያስተላልፍ እስከ 20 አምፔር ይስባል። በድምፅ ሲያወሩ አማካዩ ወደ 10 አምፔር ይወርዳል። መብራት ለ4 ሰዓት ጠፋ፣ ከዚያ ውስጥ አንድ አምስተኛውን አወሩ እንበል፦ ለማዳመጡ 3፣ ለማውራቱ 8፣ በድምሩ 11 አምፔር-ሰዓት ነው (1 አምፔር ለ1 ሰዓት ሲሳብ 1 አምፔር-ሰዓት ይባላል)። ኤፍቲ8 (በኮምፒውተር አጫጭር መልእክት የሚላላኩበት ዘዴ) የሚወዱ ሰዎች ግን በዚህ ስሌት እንዳይታለሉ፤ ያ ዘዴ ግማሹን ጊዜ በሙሉ ኃይል ሊያስተላልፍ ስለሚችል በ4 ሰዓት ከ40 አምፔር-ሰዓት በላይ ይበላል። ኃይሉን ወደ 25 ዋት ማውረድ ይረዳል፤ ይሁንና የሚስበው አምፔር በዚያው ልክ ወደ ሩብ አይወርድም፣ ግማሽ አካባቢ ላይ ይቆማል።

ባትሪው

የሊድ አሲድ ባትሪ እንዲቆይልዎ ከፈለጉ ከግማሹ በላይ አይጠቀሙበት። ለ11 አምፔር-ሰዓት ሥራ ቢያንስ ባለ 24 ያስፈልጋል፤ እኔ ግን ባለ 40 እመርጣለሁ፣ ምክንያቱም ብዙ አምፔር በአንዴ ሲሳብበት ባትሪው የተጻፈበትን ያህል አይሰጥም። ሊቲየም አይረን ፎስፌት የሚባለው ባትሪ ሲገዙ ውድ ቢሆንም ሰማንያ በመቶውን ያለ ሐሳብ ያወጣል፣ ቮልቱም እስከ መጨረሻው ብዙ አይወርድም። እሱን ከመረጡ ውስጡ ያለው መቆጣጠሪያ ቢያንስ 30 አምፔር ያለማቋረጥ የሚያሳልፍ መሆኑን ይጠይቁ። የመኪና ባትሪ ሞተር ለማስነሳት እንጂ ለሰዓታት ቀስ እያለ እንዲራገፍ አልተሠራም፤ ቻርጅ ሲደረግም የሚቀጣጠል ጋዝ ስለሚያወጣ መኝታ ክፍል ውስጥ ቦታ የለውም።

መርካቶ ሲሄዱ ቴስተር ይያዙ። አዲስ የተባለ ድፍን (ውሃ የማይጨመርበት) ሊድ አሲድ ባትሪ ከ12.4 ቮልት በታች ካሳየ መደርደሪያ ላይ ከርሟል ማለት ነው፤ ሻጩ ምንም ቢምል ይተዉት።

ገመድና ፊውዝ

በዚህ ላይ አይቆጥቡ። ባትሪው ከሬድዮው 2 ሜትር ቢርቅ፣ 20 አምፔር በ1.5 ካሬ (ሚሊ ሜትር) ገመድ ሲያልፍ በመሄጃና በመመለሻው 0.9 ቮልት ገደማ ይጠፋል፤ በ6 ካሬ ግን 0.25 እንኳ አይሞላም። ብዙ ሬድዮዎች ከ11.7 ቮልት በታች ሲደርሱ ድምፃቸው ይቆራረጣል ወይም ራሳቸውን ያጠፋሉ፤ ስለዚህ ይህ ልዩነት ትንሽ አይደለም።

የ30 አምፔር ፊውዝ በፖዘቲቩ ገመድ ላይ፣ ከባትሪው ጫፍ አንድ ስንዝር ሳይርቅ ያስገቡ። ሬድዮው አጠገብ ያለው ፊውዝ የሚጠብቀው ሬድዮውን ነው፤ መሀል ላይ ገመዱ ቢላጥና ቢነካካ ባትሪው በመቶዎች የሚቆጠር አምፔር ለቆ ቤት ያቃጥላል። ሲያገናኙ ፊውዙን አውጥተው ይጀምሩ፣ ፖዘቲቩና ኔጋቲቩ አለመገላበጣቸውን በቴስተር ያረጋግጡ፣ ፊውዙን መጨረሻ ላይ ይክተቱ።

ቻርጀሩና ጩኸቱ

ቀላሉ አሠራር ሬድዮው ሁልጊዜ ከባትሪው ጋር ተያይዞ፣ ባለ 5 አምፔር ቻርጀር ባትሪውን ሲሞላ ነው። ሲያወሩ የሚፈለገውን ትልቅ አምፔር ባትሪው ይሰጣል፣ መብራት ሲሄድም የሚቀያየር ነገር የለም። ድፍን ሊድ አሲድ ሞልቶ ሲቀመጥ ከ13.5 እስከ 13.8 ቮልት ይበቃዋል፤ ሊቲየሙ ሲሞላ ከ14.2 እስከ 14.6 ይፈልጋል። የአንዱን ቻርጀር ለሌላው አይጠቀሙ።

አሁን ባዶ ፍሪክዌንሲ ላይ ሆነው እያዳመጡ ቻርጀሩን ከሶኬት ይንቀሉ። የሲግናል መለኪያው ዝቅ ካለ ጩኸቱ የእርስዎ ነው። የቻርጀሩን ገመዶች በፌራይት ቀለበት (የሬድዮ ረብሻን በሚያፍን ማግኔታዊ ቀለበት) ውስጥ ደጋግመው ይጠምጥሙ፤ ካልበቃ፣ ሲያዳምጡ ቻርጀሩን ነቅለው ሲተኙ ይሰኩት። እኔ ይህን ሁለተኛውን እመርጣለሁ፣ ወጪም የለውም።

ለማስተላለፍ ከኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ፈቃድ ያስፈልጋል። አምስት ኪሎ ያለው የኢትዮጵያ አማተር ሬድዮ ማኅበር ክለብ ጣቢያ፣ የጥሪ ስሙ ኢቲ3ኤኤ፣ ለጀማሪ ጥሩ መጠየቂያ ነው።

በክረምት ነጎድጓድ ሲሰማ ባትሪው ምንም አያድንም፤ የአንቴናውን ገመድ ከሬድዮው ነቅለው ወደ ውጭ ያውጡት።