አሮጌ ላንድሮቨር ወይም ላንድክሩዘር ለእድሳት እንዴት እንደሚገዛ፦ ለባሕር ዳርና ለጣና ዙሪያ ገዢዎች

ከመራዊና ከዳንግላ እስከ ወረታና አዲስ ዘመን፣ በመሥሪያ ቤት ግቢ፣ በጋራዥ አጥር ሥርና በግለሰብ ጓሮ የቆሙ አሮጌ ላንድሮቨሮችና ላንድክሩዘሮች ዛሬም አይጠፉም። ከእነዚህ አንዱን ገዝቶ ለማደስ የሚነሣ ሰው ብዙውን ጊዜ ሥራውን የሚጀምረው ኮፈኑን ከፍቶ ሞተሩን በማስነሣት ነው። ይህ ጽሑፍ የሚመክረው ተቃራኒውን ቅደም ተከተል ነው፤ በቅድሚያ ሰነዱ፣ ቀጥሎ ሻንሲው (መኪናውን ከሥር የሚሸከመው የብረት አጽም)፣ ከዚያ ቦዲው፣ ካምቢዮው (የማርሽ ሳጥኑ) እና ዲፈረንሻሉ (ኃይልን ለግራና ለቀኝ ጎማ የሚያከፋፍለው)፣ ሞተሩም በመጨረሻ ይመርመር። የደከመ ሞተር ይታደሳል ወይም ይለወጣል፤ የበሰበሰ ሻንሲ ያለው ወይም ባለቤቱ በውል የማይታወቅ መኪና ግን የወጣበትን ገንዘብ ሁሉ ይዞ ይቀራል።

የትኛውን ዓይነት እንደሚፈልጉ አስቀድመው ይወስኑ

በእንግሊዝ አገር የተሠራው ላንድሮቨር የመጀመሪያው ትውልድ እ.ኤ.አ. በ1948፣ ሁለተኛው በ1958፣ ሦስተኛው በ1971 ወጥቶ ሦስተኛው እስከ 1985 ተመርቷል። በፊትና በኋላ እግሩ መካከል 88 ኢንች የሆነው አጭሩ፣ 109 ኢንች የሆነው ደግሞ ረጅሙ ነው። ሻንሲው ብረት ሲሆን የውጭ ቦዲው በአብዛኛው አሉሚኒየም ነው፤ ይህ ልዩነት በምርመራው ጊዜ ብዙ ነገር ስለሚወስን ሊዘነጋ አይገባም። ከ1960 እስከ 1984 የተመረተው የቶዮታ ባለ 40 (በሞዴል ቁጥሩ እንዲህ የሚጠራው) ላንድክሩዘር ግን ሻንሲውም ቦዲውም ብረት ነው። በቤንዚን የሚሠሩት ኤፍ እና 2ኤፍ የተባሉ ባለ ስድስት ሲሊንደር ሞተሮች አሏቸው፤ ኤችጄ47 በተባለው ናፍጣ መኪና ላይ የሚገኘው 2ኤች ደግሞ ባለ ስድስት ሲሊንደር ሆኖ አራት ሊትር ያህል ነው። በ1984 የተከተለው ባለ 70 ላንድክሩዘር እስከ ዛሬ ይመረታል።

ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚያድስ ሰው ናፍጣ ላንድክሩዘር ይሻለዋል ብዬ አምናለሁ። ባለ 70ው በአገራችን መንገድ ላይ አሁንም በብዛት ስለሚሠራ መለዋወጫውም፣ ሞተሩን በእጁ የሚያውቅ መካኒክም ማግኘት ይቀላል። ላንድሮቨር የሚመቸው ትዕግሥት ላለው ሰው ነው፤ ቦዲው በቡሎን የተያያዘ በመሆኑ ክፍል በክፍል ተፈትቶ ሊሠራ ይችላል፣ አንዳንድ ዕቃውን ግን ከውጭ እስኪመጣ መጠበቅ ግድ ይሆናል። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከወሰነ ወዲህ ምርጫው በአብዛኛው አገር ውስጥ ባሉት መኪኖች ላይ የተወሰነ በመሆኑ፣ መጀመሪያ በታየው ላይ ከመቸኮል ይልቅ ጥቂት ወራት መፈለግ ያዋጣል።

መኪናው የሚገኝበት መንገድ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው በግል ሻጭ ወይም በደላላ በኩል ሲሆን፣ ሁለተኛው የመንግሥት መሥሪያ ቤቶችና የልማት ድርጅቶች አገልግሎት የጨረሱ ተሽከርካሪዎቻቸውን የሚሸጡበት ጨረታ ነው። የክልሉ የጨረታ ማስታወቂያዎች በበኵር ጋዜጣ ላይ ይወጣሉ። በጨረታ የሚሸጥ መኪና ባለበት ሁኔታ ስለሚሸጥና የጨረታ ማስከበሪያው ገንዘብ በሲፒኦ (ባንክ ባረጋገጠው ቼክ) ስለሚያዝ፣ ለዕይታ የተፈቀዱትን ቀናት ሳይጠቀሙ ዋጋ መሙላት አይገባም። ማስታወቂያው ቀረጥና ታክስ በማን እንደሚከፈል የሚለውን መስመርም ደግመው ያንብቡ፤ ከቀረጥ ነፃ የገባ መኪና ከሆነ የሚከፈለው ቀረጥ ከመግዣው ዋጋ ሊበልጥ ይችላል።

ሰነዱን ከመኪናው ጋር ያመሳክሩ

ከሻጩ ዘንድ በቅድሚያ የሚጠየቀው ሊብሬው ነው፤ ፎቶ ኮፒው ሳይሆን ዋናው። በሊብሬው ላይ የተጻፈውን የሻንሲ ቁጥርና የሞተር ቁጥር ይዘው ወደ መኪናው ይሂዱና ፊደል በፊደል ያነጻጽሩ። የሻንሲ ቁጥሩ በባለ 40 ላንድክሩዘርም ሆነ በአሮጌው ላንድሮቨር በቀኝ በኩል፣ በሻንሲው የፊት ክፍል ላይ ተመትቶ ይገኛል። ለዓመታት በጭቃና በቅባት ስለሚሸፈን የሽቦ ብሩሽና ጥቂት ናፍጣ ይዞ መሄድ ያስፈልጋል። ቁጥሩ ያለበት ቦታ ተሞርዶ፣ በብየዳ ተሸፍኖ ወይም ፊደሎቹ መስመራቸውን ስተው ካገኙት ግዢውን እዚያው ይተዉት። በመኪናው ውስጥ የተለጠፈው፣ ቁጥሩ የተጻፈበት የፋብሪካ ሰሌዳ ብቻውን በቂ ማስረጃ አይደለም፤ ሰሌዳ ከአንዱ መኪና ተነቅሎ በሌላው ላይ ሊመታ ይችላል።

የሞተር ቁጥር ጉዳይ ከዚህ ይለያል። ሠላሳና አርባ ዓመት የሠራ መኪና ሞተሩ ተለውጦ መገኘቱ የተለመደ ነው፤ በተለይ ላንድሮቨሮች የሌላ ኩባንያ ሞተር ተገጥሞላቸው ሊገኙ ይችላሉ። ለውጡ በሊብሬው ላይ ተመዝግቦ ከሆነ ችግር የለውም። ካልተመዘገበ ግን የአዲሱ ሞተር የግዢ ሰነድ ተሟልቶ ምዝገባው እንዲስተካከል ሻጩን ይጠይቁ፤ ይህም ከክፍያ በፊት መሆን አለበት፤ ገንዘቡን ከተቀበለ በኋላ ቢሮ ለቢሮ የሚመላለስ ሻጭ አይገኝምና።

ከዚህ ቀጥሎ መኪናው የባንክ ዕዳ፣ የፍርድ ቤት እገዳ ወይም ያልተከፈለ ቅጣት እንደሌለበት ፋይሉ ካለበት የመንገድ ትራንስፖርት ቢሮ ያረጋግጡ። ሰሌዳው የአማራ ካልሆነ ፋይሉ ያለው በሌላ ክልል ወይም በአዲስ አበባ ስለሆነ ማጣራቱ ጊዜ ይወስዳል። ለዓመታት የቆመ መኪና ቦሎው ስለሚያልፍበት የተጠራቀመውን ማን እንደሚከፍል አስቀድሞ መነጋገር ይገባል። ሻጩ ባለትዳር ከሆነ የትዳር ጓደኛውም ውሉ ላይ መፈረም ይኖርበታል፤ መኪናው የሟች ንብረት ከሆነ ደግሞ የወራሽነት ማስረጃ ያስፈልጋል፣ ከወራሾቹ አንዱ ብቻ ፈርሞ ሊሸጠው አይችልም።

በብዙዎቹ አሮጌ መኪኖች ላይ የሚያጋጥመው ችግር ውክልና ነው። መኪናው ስሙ ሳይዛወር በውክልና ብቻ ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ ይቆይና የአሁኑ ሻጭ በሊብሬው ላይ ያለውን ሰው በመልክ እንኳ አያውቀውም። ወካዩ ሲሞት ውክልናው ቀሪ ስለሚሆን፣ ከሃያ ዓመት በፊት የተሰጠ ወረቀት ይዞ የመጣ ሰው የመሸጥ ሥልጣን ላይኖረው ይችላል። የመጀመሪያው ባለቤት በሕይወት ካለ በአካል ቀርቦ እንዲፈርም ማድረግ ከሁሉም የተሻለ ዋስትና ነው።

ሻንሲውን በእጅዎ ይመርምሩ

ሰነዱ ከተስተካከለ በኋላ ቱታ፣ ባትሪ መብራት፣ ትንሽ መዶሻ፣ ጠንካራ ካቻቪቴ፣ ማግኔትና የአምስት ሜትር ሜትር ይዘው ይመለሱ። የጣና ውኃ ጨው የሌለበት በመሆኑ በሐይቁ ዳር መዋል ብቻውን መኪናን እንደ ባሕር ጠረፍ አያበሰብስም። በአካባቢያችን ሻንሲን የሚበላው ከሰኔ እስከ መስከረም በሻንሲው ሆድ ውስጥ ገብቶ የሚቀረውና እርጥበቱን ለወራት የሚይዘው ጭቃ ነው። ከዚህ የከፋም አለ፤ የግብርናና የኅብረት ሥራ መኪኖች ለዓመታት ማዳበሪያ ሲያመላልሱ ከጆንያው የፈሰሰው ዩሪያ ከእርጥበት ጋር ተደባልቆ ወለሉንና ከወለሉ በታች ያለውን ብረት ያዝገዋል። ስለዚህ መኪናው ቀድሞ በማን እጅ እንደነበረና ምን እንደጫነ መጠየቅ የምርመራው አንድ አካል ነው።

መኪናውን በክሪክ ብቻ አስነሥተው ከሥሩ አይግቡ፤ ከጋራዥ ጉድጓድ ላይ ያቁሙት ወይም በጠንካራ ድጋፍ ያሳርፉት። ከዚያ ሻንሲውን ከፊት ጀምረው እስከ ኋላ በየእጅ ስፋቱ በመዶሻ እየመቱ ይስሙ። ጤነኛ ብረት ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፣ የተበላው ደግሞ የታፈነ። ድምፁ በተለወጠበት ቦታ ሁሉ በካቻቪቴው ጫፍ ይጫኑት። በላንድሮቨር ላይ ይበልጥ የሚጎዱት የኋላው አግዳሚ ብረት፣ ቦዲውን ለመሸከም ከሻንሲው ወደ ጎን የወጡት ክንዶችና የባሌስትራ (የተደራረበ የብረት ስፕሪንግ) ማሰሪያዎቹ ናቸው፤ ከሻንሲው ባይቆጠርም በሾፌሩ እግር ፊት ያለው የብረት ግድግዳም የታችኛው ክፍሉ አብሮ ይታይ። በላንድክሩዘር ላይ የሻንሲው የኋላ ሦስተኛ ክፍል፣ በተለይ የኋላ ባሌስትራ የሚታሰርበት ቦታ ጥንቃቄ ይፈልጋል።

አዲስ ጥቁር ቀለም ወይም ሬንጅ የተቀባ ሻንሲ ሲያዩ ደስ ከመሰኘት ይልቅ ይጠራጠሩ፤ ከሥሩ የተለጠፈ ላሜራ ሊኖር ይችላል። ላሜራ በላሜራ ላይ መለጠፍ በመካከላቸው ውኃ ስለሚይዝ ዝገቱን ያፋጥናል። ደኅና በያጅ የተበላውን ቆርጦ አውጥቶ በዚያው ውፍረት ባለው ብረት ይተካል፤ ሥራውም ከመስመሩ ይታወቃል። በመጨረሻ ሻንሲው የተጣመመ መሆን አለመሆኑን ለማወቅ ከፊት ግራ ባሌስትራ ማሰሪያ እስከ ኋላ ቀኝ፣ ከፊት ቀኝ እስከ ኋላ ግራ ሰያፉን ይለኩ። ሁለቱ ልኮች እኩል መሆን ይገባቸዋል፤ ልዩነቱ ከአንድ ሳንቲ ሜትር ካለፈ መኪናው ተገልብጦ ወይም ክፉኛ ተጋጭቶ እንደነበር ይገምቱ።

ቦዲው

ቦዲው ጊዜ አይፈጅም። በላንድክሩዘር ላይ ማግኔቱን በስስ ጨርቅ ጠቅልለው በበሮቹ ግርጌ፣ በኋላ ፓራፋንጎ፣ በወለሉና በፊት መስታወቱ ሥር ያንሸራቱት፤ የማይዝበት ቦታ በስቱኮ የተሞላ ነው። በላንድሮቨር ላይ ትርጉሙ ይገለበጣል፤ አሉሚኒየም መሆን በሚገባው ሰፊ ገጽ ላይ ማግኔቱ ከያዘ፣ አንድ ሰው በብረት ላሜራ ጠግኖታል ማለት ነው። ብረትና አሉሚኒየም በእርጥበት ሲነካኩ አሉሚኒየሙ ወደ ነጭ ዱቄት ስለሚለወጥ፣ በመጋጠሚያዎቹ ዙሪያ ይህን ዱቄት ይፈልጉ።

ካምቢዮ፣ ዲፈረንሻልና የፊት ነጂ

እነዚህ መኪኖች በአራቱም ጎማ ሲነዱ በአስፋልት ላይ መጠምዘዝ አይወዱም፤ በፊትና በኋላ ዲፈረንሻሎች መካከል ልዩነቱን የሚያለዝብ ሌላ ዲፈረንሻል የላቸውም። ስለዚህ የፊት ነጂውን (ኃይል ወደ ፊት ጎማዎች የሚያደርሰውን ክፍል) የሚሞክሩት በአፈር ወይም በጠጠር ላይ ነው። በአሮጌው ላንድሮቨር ቢጫው እጀታ የፊት ነጂውን፣ ቀዩ ደግሞ ዝቅተኛውን ማርሽ ያስገባል። ሁለቱም እንደሚገቡና ጭነት ሲበዛባቸው እንደማይወጡ ያረጋግጡ። ከዚያ መሪውን እስከ መጨረሻው ጠምዝዘው በዝግታ ይንዱ፤ በላንድክሩዘር የፊት እግር ውስጥ የሚሰማ ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ የመጠምዘዣው መጋጠሚያ ማለቁን ያመለክታል። በላንድሮቨር የፊት እግር ላይ ያለው ክብ ኳስ ገጹ በዝገት ከተቦረቦረ ዘይት መያዝ አይችልም፣ መለወጥም አለበት። በየቦታው ጥቂት ዘይት ማርጠቡ በዚህ ዕድሜ ላለ መኪና አያስደነግጥም፤ የደረቀ ዲፈረንሻል ግን ዘይት የሌለው ሊሆን ስለሚችል መክፈቻውን ፈትተው በጣትዎ ይንኩት።

ሞተሩ

ቀጠሮውን በማለዳ ያድርጉና ከመነሣቱ በፊት ሞተሩን በእጅዎ ዳስሰው ቀዝቃዛ መሆኑን ይወቁ፤ ቀድሞ የተሞቀ ሞተር የመነሣት ችግሩን ይደብቃል። የራዲያተሩን ክዳን ከፍተው ሞተሩ ሲሠራ ሳያቋርጥ አረፋ የሚወጣ ከሆነ፣ ወይም በዘይት መሙያው ክዳን ሥር እንደ ወተት የነጣ ቅባት ካለ የቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ክዳን) ጋስኬት ተቃጥሎ፣ አልያም ቴስታታው ተሰንጥቆ ሊሆን ይችላል። ሰማያዊ ጭስ የዘይት መቃጠል ምልክት ነው። ጥቁር ጭስን በተመለከተ ግን ባሕር ዳር ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ እንደምትገኝና አየሩም ከባሕር ጠረፍ አንድ ስድስተኛ ያህል እንደሚሳሳ ያስታውሱ። ፖምፓው (ናፍጣውን ወደ ሲሊንደሮቹ የሚገፋው) ለዝቅተኛ ቦታ የተስተካከለ ናፍጣ ሞተር እዚህ ሲጫንበት ያጨሳል፣ ጉልበቱም ይቀንሳል፤ ይህ በማስተካከል የሚድን እንጂ የሞተር ማለቅ አይደለም። በዚሁ ምክንያት መካኒኩ የሲሊንደሮቹን ግፊት ሲለካ ከመጽሐፉ ያነሰ ቁጥር ማግኘቱ አያስገርምም፤ ዋናው ነገር በሲሊንደሮቹ መካከል የሚታየው ልዩነት ነው።

መኪናው መንገድ ላይ መውጣት የሚችል ከሆነ ወደ ቤዛዊት ኮረብታ የሚወስደው ዳገት ለጉልበትም፣ ለፍሪሲዮንም፣ ሲመለሱ ለፍሬንም ጥሩ መፈተሻ ነው። የናፍጣው ላንድክሩዘር 1ኤችዜድ ሞተር ያለው ከሆነ የታይሚንግ ቺንጋው (የሞተሩን ቫልቮች ከፒስተኖቹ ጋር የሚያስማማው ቀበቶ) መቼ እንደተለወጠ ይጠይቁ፤ ማስረጃ ከሌለ ለመለወጫው ሒሳብ ይያዙ። አሮጌው 2ኤች በቺንጋ ፈንታ በጥርስ ስለሚሠራ ይህ ሥጋት የለበትም። አንዳንዶቹ ናፍጣ መኪኖች 24 ቮልት ስለሆኑ ሞተሪኖና ዲናሞ ከመግዛትዎ በፊት ይህንንም ይዩ።

ዋጋና ውል

የሚታደሰውን ሁሉ በወረቀት ላይ ከዘረዘሩና በያጁን፣ መካኒኩንና ቀለም ቀቢውን ለየብቻ ዋጋ ካስነገሩ በኋላ ብቻ መደራደር ይጀምሩ። በእኔ እምነት የመግዣው ዋጋ ካለዎት ጠቅላላ ገንዘብ ከግማሽ መብለጥ የለበትም፤ ተፈትቶ ገንዘብ ያለቀበት መኪና ሳይፈታ ከነበረው ባነሰ ዋጋ ይሸጣል። ቀብድ የሚሰጡ ከሆነ በጽሑፍና በምስክር ይሁን። በፍትሐ ብሔር ሕጉ መሠረት፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ በቀር፣ ቀብድ የሰጠ ሰው ግዢውን ቢተው ቀብዱን ያጣል፤ የተቀበለው ሻጭ ቢተው ደግሞ እጥፉን ይመልሳል። የሽያጭ ውሉ በውልና ማስረጃ ይመዝገብ፤ ሙሉው ክፍያም በባንክ በኩል ይፈጸም፤ የተወሰነው ገንዘብ ስም እስኪዛወር በሻጩ ስምምነት ቢቆይ ደግሞ ይመረጣል።

መኪናው እጅዎ ሲገባ ከማንኛውም መፍታት በፊት እያንዳንዱን ክፍል ፎቶ ያንሡ፤ የሽቦውንና የቧንቧውን አቅጣጫ ሳይረሱ። የሻንሲውን ሆድ በኃይለኛ ውኃ አጥበው ጭቃው እስኪያልቅ ያስወጡ፣ የውኃ ማንጠፊያ ቀዳዳዎቹንም ይክፈቱ። የሰልባቶዮውን አሮጌ ነዳጅ፣ የሞተሩን፣ የካምቢዮውንና የሁለቱን ዲፈረንሻሎች ዘይት አፍስሰው ይለውጡ። ይህን ሁሉ ከሰኔ በፊት ጨርሰው ጣሪያ ካለው ቦታ ካላስገቡት፣ የተፋቀው ብረት ክረምቱን ውጭ እንዳያሳልፍ ቢያንስ በጸረ ዝገት ቀለም ይሸፈን።