«ሶ-ኮልድ» (so-called) ሲሉ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች፦ በጣና ዙሪያ እንግዳ ለሚያስተናግዱ

ዘጌ ላይ ከጀልባ ወርደው ለእንግዳዎ በእንግሊዝኛ «ዚስ ኢዝ ዘ ሶ-ኮልድ ኡራ ኪዳነ ምሕረት» ቢሉት፣ እርስዎ ያሰቡት «ኡራ ኪዳነ ምሕረት የሚባለው ገዳም ይህ ነው» ለማለት ነው። እንግዳው የሚሰማው ግን «ኡራ ኪዳነ ምሕረት ተብዬው ይኸውና» የሚል ነው።

ዋናው ስህተት እዚህ ላይ ነው፤ «የሚባለው»ን በ«ሶ-ኮልድ» መተርጎም። የእኛ «የሚባለው» ስም ከመንገር አልፎ አይፈርድም። «ሶ-ኮልድ» ግን በዕለት ተዕለት ንግግር ስሙ ለነገሩ አይገባም ብሎ ይጠራጠራል። አማርኛ ለዚህ «ተብዬ» የሚል ጥሩ ቃል አለው። ስለዚህ ከመናገርዎ በፊት አረፍተ ነገሩን በ«ተብዬ» ይሞክሩት። ነውር ሆኖ ከተሰማዎ «ሶ-ኮልድ»ን ይተዉና ከስሙ በፊት «ኮልድ» (called) ወይም «ኖውን አዝ» (known as) ይበሉ፦ «ኤ ሞናስትሪ ኮልድ ኡራ ኪዳነ ምሕረት»፣ «ኤ ፊሽ ኖውን አዝ ቀረሶ»። ምግብ ቤት ውስጥ «አወር ሶ-ኮልድ ፍሬሽ ፊሽ» ያለ አስተናጋጅ በገዛ አፉ የዓሣውን ትኩስነት ክዷል።

ሰው ላይ ሲሆን ይብሳል። «ማይ ሶ-ኮልድ ፍሬንድ» ማለት «ጓደኛ ተብዬው» ነው፤ «ዘ ሶ-ኮልድ ማናጀር» ደግሞ ሥራ አስኪያጁን ከቦታው ማውረድ ነው። የሰው ስምና ማዕረግ ሲያስተዋውቁ ፈጽሞ አይጠቀሙበት።

ታዲያ የት ይስማማል? በእውነት ሲጠራጠሩ። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1770 ግሽ ዓባይ ደርሶ የዓባይን ምንጭ አገኘሁ አለ። ስፔናዊው ቄስ ፔድሮ ፓኤዝ ግን እ.ኤ.አ. በ1618 ምንጩን አይቶታል፤ የሰከላ ሰውማ ከጥንትም አጠገቡ ይኖራል። ስለዚህ «ብሩስስ ሶ-ኮልድ ዲስከቨሪ»፣ ማለትም «የብሩስ ግኝት ተብዬው»፣ ትክክለኛና የሚያኮራ አጠቃቀም ነው። በሳይንስ ጽሑፍ አዲስ ስያሜ ለማስተዋወቅ ያለ ጥርጣሬ ሲገባም ያጋጥማል፤ በንግግር ግን በዚህ ባይተማመኑ ይሻላል።

ቀጥሎ ጭረቷ (-) አለች። ቃሉ ከስም በፊት ሲመጣ በጭረት ይያያዛል። ከግሥ በኋላ ሲመጣ ግን ሁለት ቃል ሆኖ ይጻፋል፣ ትርጉሙም ይለወጣል፦ «ጢስ ዓባይ ኢዝ ሶ ኮልድ ቢኮዝ ኦፍ ኢትስ ስፕሬይ» ማለት ፏፏቴው ስሙን ያገኘው እንደ ጢስ ከሚበነው ውኃው ነው ማለት ነው። እዚህ ጥርጣሬም ንቀትም የለም፤ የስም አመጣጥ ለመንገር ይህን ይያዙ።

በብሮሹር ላይ ደግሞ ከ«ሶ-ኮልድ» ቀጥሎ ያለውን ቃል በትምህርተ ጥቅስ አይክበቡት። ጥቅሱም ቃሉም ያው ጥርጣሬን ስለሚናገሩ አንዱ ይበቃል።