ልብንና ኩላሊትን የሚጠብቀው የስኳር መድኃኒት፦ አወሳሰዱና ጥንቃቄው

ኢምፓግሊፍሎዚን ወይም ዳፓግሊፍሎዚን የታዘዘላቸው ብዙ ሰዎች የመድኃኒቱን ጥቅም የሚለኩት ጣታቸውን ወግተው በሚያዩት ቁጥር ነው። ስኳሩ ብዙ ካልወረደ «አልሠራልኝም» ብለው፣ ከወረደም «ተሽሎኛል» ብለው ያቆሙታል። የእነዚህ ክኒኖች ትልቁ ጥቅም ግን በስኳር መለኪያው ላይ አይታይም።

ኩላሊት አጣርቶ ያሳለፈውን ስኳር ከሶዲየም ጋር መልሶ ወደ ደም ያስገባል። ክኒኑ ይህን መመለሻ ይዘጋል። ስኳሩ በሽንት ይወጣል፤ በማጣሪያዎቹ ውስጥ ያለው ግፊት ይቀንሳል፤ ጨውና ውሃም አብሮ ስለሚወጣ የልብ ሸክም ይቀላል። በ2015 እ.ኤ.አ. ይፋ የሆነው የኢምፓግሊፍሎዚን ጥናት የልብና የደም ሥር ሕመም ባለባቸው የዓይነት 2 ስኳር ሕሙማን ላይ በዚሁ ሕመም የሚመጣውን ሞት በ38 በመቶ ቀንሷል። በ2020 የወጣው የዳፓግሊፍሎዚን ጥናት ደግሞ ስኳር የሌለባቸውን የኩላሊት ሕሙማን ጭምር ጠቅሟል፤ ጥቅሙ ስኳር በማውረድ ብቻ እንዳልሆነ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ የለም።

ከመጀመርዎ በፊት ሁለት ምርመራ ይጠይቁ፦ የደም ክሬያቲኒን (ኩላሊት የሚያስወግደው ቆሻሻ፤ የኩላሊት የማጣራት አቅም የሚሰላው ከእሱ ነው) እና በሽንት ውስጥ ያለው አልቡሚን (የፕሮቲን ዓይነት) ከክሬያቲኒን ጋር ያለው ምጣኔ። ሁለተኛው ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። ምጣኔው በተደጋጋሚ ከ30 ሚሊ ግራም በግራም በላይ ከሆነ፣ ክሬያቲኒኑ ደህና ቢሆንም ኩላሊት መጎዳት ጀምሯል ማለት ነው። የማጣራት አቅሙ (በደቂቃ በሚሊ ሊትር የሚለካው) 20 እና ከዚያ በላይ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ መጀመር ይቻላል። ከ45 በታች ሲሆን ስኳር የማውረድ ኃይሉ ይደክማል፤ ጥበቃው ግን ይቀጥላል። ዓይነት 1 ስኳር ያለባቸው፣ ነፍሰ ጡሮችና የሚያጠቡ እናቶች አይወስዱትም።

መጠኑ በተለምዶ 10 ሚሊ ግራም፣ በቀን አንዴ፣ ጠዋት ነው፤ ከምግብ በፊትም በኋላም ይሆናል። ኢንሱሊን ወይም ግሊቤንክላሚድ የተባለውን ሌላ የስኳር ክኒን የሚወስዱ ከሆነ ስኳርዎ ከልክ በላይ እንዳይወርድ የእነሱ መጠን መቀነስ እንዳለበት ሐኪምዎን ይጠይቁ። ፉሮሴማይድ (ሽንት የሚያበዛ መድኃኒት) የሚወስዱ ደግሞ ከተቀመጡበት ሲነሱ ማዞር ከጀመራቸው የደም ግፊታቸውን ይለኩ።

በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ክሬያቲኒን ትንሽ ከፍ ይላል። ይህ የሚጠበቅ ነው፤ የማጣሪያው ግፊት መቀነሱን ያሳያል። የማጣራት አቅሙ ከነበረበት እስከ 30 በመቶ ቢወርድ ለማቆም ምክንያት አይሆንም። ከዚያ ካለፈ ግን የውሃ እጥረት ወይም ሌላ መንስኤ መፈለግ አለበት። ሽንት ላይ ስኳር መታየቱም አያስደንግጥዎ፤ መድኃኒቱ የሚሠራው እንደዚያ ነው።

ያው ስኳር በብልት አካባቢ ፈንገስ ያመጣል። ከሽንት በኋላ በንጹሕ ውሃ ታጥቦ ማድረቅ ይረዳል፤ ማሳከክ ከመጣ ክሎትሪማዞል በተባለው የፈንገስ መድኃኒት ይታከማል፣ ክኒኑን መተው አብዛኛውን ጊዜ አያስፈልግም። በብልትና በፊንጢጣ መካከል ከባድ ሕመም፣ እብጠትና ትኩሳት ከመጣ ግን በዚያው ሰዓት ሆስፒታል ይሂዱ።

ከሁሉ የሚያሰጋው ኪቶአሲዶሲስ (ሰውነት ስብ ሲያቃጥል የሚወጣው ኪቶን የተባለ አሲድ በደም ውስጥ መከማቸቱ) ነው፤ ስኳሩ ከ250 ሚሊ ግራም በዴሲ ሊትር በታች ሆኖ ሊከሰት ስለሚችል ያታልላል። ማስታወክ፣ ተቅማጥ ወይም ምግብ አለመብላት ካለ ክኒኑን ያቁሙ፤ ደህና መብላትና መጠጣት ከጀመሩ ከ24 እስከ 48 ሰዓት በኋላ ይመለሱበት። ኢንሱሊን ግን በራስዎ ፈቃድ አያቁሙ። ለታቀደ ቀዶ ሕክምና 3 ቀን አስቀድመው ያቋርጡ። ማቅለሽለሽ፣ የሆድ ሕመምና የትንፋሽ መፍጠን ከታየ ወደ ድንገተኛ ክፍል ሄደው የክኒኑን ስም ይናገሩ፤ ስኳርዎ ደህና ነው ቢባሉም ኪቶን እንዲለካልዎ ይጠይቁ።

ጾም ሲቃረብ አዲስ አይጀምሩት። በረመዳን ከኢፍጣር ጋር ወስዶ እስከ ሱሑር ደጋግሞ ውሃ መጠጣት ይሻላል። እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል ውሃ ሳይቀምሱ የሚጾሙም ጾሙ ከመግባቱ በፊት የሚወስዱበትን ሰዓት ከሐኪም ጋር ይወስኑ።

ሌላ ዓይነት የስኳር መድኃኒት የሆነው ሳምንታዊው የሴማግሉታይድ መርፌም በ2024 ጥናት ዓይነት 2 ስኳርና የኩላሊት በሽታ ባለባቸው ሰዎች ከባድ የኩላሊት ጉዳትንና ከልብ ወይም ከኩላሊት የሚመጣ ሞትን በ24 በመቶ ቀንሷል። በ0.25 ሚሊ ግራም ለ4 ሳምንት ተጀምሮ ወደ 0.5 ያድጋል። ማቅለሽለሹን ለመቀነስ ትንሽ ትንሽ መብላትና ቅባት መቀነስ ይጠቅማል። ስኳር በፍጥነት ሲወርድ የዓይን ሬቲና ጉዳት ሊባባስ ስለሚችል አስቀድመው ዓይንዎን ይታዩ። ዘመድ ከውጭ የሚልክልዎ ከሆነ ያልተከፈተው መርፌ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴልሺየስ ተጠብቆ መምጣቱን ያረጋግጡ፤ አንዴ በረዶ ከሆነ ቢቀልጥም አይጠቀሙበት።