አሪዞና ለምትኖሩ፦ የስቴት ግብራችሁን ለበጎ ሥራ አውሉት

ፊኒክስና አካባቢው ያላችሁ፣ ይህቺን ብዙ ሰው አያውቃትም። ለአሪዞና ከምትከፍሉት የገቢ ግብር ከፊሉን ራሳችሁ ለመረጣችሁት የበጎ አድራጎት ድርጅት መስጠት ትችላላችሁ። የሰጣችሁት ዶላር በዶላር ይቀነስላችኋል። ልብ በሉ፣ የሚቀነሰው ከገቢያችሁ ሳይሆን ከግብሩ ከራሱ ነው።

የ2025 ጣሪያ ለነጠላ 495፣ የግብር ፎርም አብረው ለሚያስገቡ ባልና ሚስት 987 ዶላር ነው። የስቴት ግብራችሁ 800 ዶላር ነው እንበል። 400 ከሰጣችሁ ለስቴቱ የምትከፍሉት ቀሪውን 400 ብቻ ነው። ግብሩ ቀድሞ ከደመወዛችሁ ተቆርጦ ከሆነ ደግሞ የሰጣችሁት 400 ተመልሶ ይመጣል። ማለትም ከኪሳችሁ የወጣ ነገር የለም!

ድርጅቱ ግን የስቴቱ ገቢዎች መሥሪያ ቤት ዝርዝር ውስጥ መኖር አለበት። ለቤተ ክርስቲያን ወይም ለመስጊድ ስለሰጣችሁ ብቻ አይያዝላችሁም። ዝርዝሩ ላይ ያለ እያንዳንዱ ድርጅት ባለ አምስት አኃዝ ኮድ አለው፤ ፎርም 321 ላይ የሚሞላው እሱ ነው። እኔ መጀመሪያ ጊዜ ደረሰኙን ብቻ ይዤ ሄጄ፣ ታክስ የሚሠራልኝ ሰውዬ «ኮዱስ?» ብሎ መለሰኝ። ስትሰጡ እዚያው ጠይቁና ደረሰኙ ላይ ጻፉት።

ዓመቱ አለፈ ብላችሁም አትተዉት። እስከ ኤፕሪል 15 የሰጣችሁት ላለፈው ዓመት ሊያዝ ይችላል። ከግብራችሁ በላይ ከሰጣችሁ ትርፉ በጥሬ ገንዘብ አይመለስም፤ እስከ አምስት ዓመት ግን ይተላለፋል።

አሳዳጊ ቤተሰብ ጋር ያሉ ልጆችን ለሚረዱ ድርጅቶች ደግሞ ሌላ ጣሪያ አለ፣ ፎርም 352። አቅም ያለው ሁለቱንም ይጠቀማል።