ለሥራ ትንሽ ፎርዊል ስትገዙ፣ መጀመሪያ ከሥሯ ግቡ

ውሏችሁ ሐዋሳ ከተማ ውስጥ ብቻ ከሆነ ፎርዊል፣ ማለትም በአራቱም ጎማ የምትነዳ መኪና፣ ይቅርባችሁ። እዚህ አስፋልቱ ለጥ ያለ ነው፣ ባጃጅም ያደርሳችኋል። እኔ የምጽፈው ሥራቸው ወደ ሲዳማ ገጠር፣ ወደ ሁላ፣ ወደ ቦና፣ ወደ በንሳ ለሚያስወጣቸው ነው። ዝናብ ሲመታው ያ ቀይ አፈር ሳሙና ነው።

የመጀመሪያዋን መኪናዬን የገዛሁት የደላላ ምላስ አምኜ ነው። «ፎርዊል ናት፣ ግድግዳ ትወጣለች» አለኝ። የመጀመሪያው ጭቃ ላይ የፎርዊሉን ማንሻ ሳብኩ፣ ዳሽቦርዱ ላይ መብራቱ በራ፣ የኋላ ጎማዎቹ ግን ብቻቸውን ጭቃ ሲረጩ አመሹ። በማግሥቱ መካኒኩ ከሥር ገብቶ ሳቀብኝ። ለካ የቀድሞው ባለቤት ነዳጅ ልቆጥብ ብሎ ለፊት ጎማ ኃይል የሚያደርሰውን ዘንግ አስፈትቶታል።

ስለዚህ ከዋጋ በፊት ካርቶን አንጥፉና ከሥር ግቡ። ከመሀል ወደ ፊትም ወደ ኋላም የሚሄድ ዘንግ ማየት አለባችሁ። ከዚያ ማንሻ ያላት ከሆነች አፈር ቦታ ላይ ፎር ሃይ (በተለመደው ማርሽ አራቱንም ጎማ የሚያስነዳውን) አስገቡና መሪውን ጥግ ድረስ አዙራችሁ ቀስ ብላችሁ ዙሩ። መሪው ከበድ፣ መኪናዋም ያዝ ያዝ ካላደረጋት ጠርጥሩ። ይህን ደረቅ አስፋልት ላይ አታድርጉት፤ የፊትና የኋላ ጎማ መታጠፊያ ላይ እኩል ስለማይሄዱ ማርሾቹ ይጎዳሉ።

የትኛዋ ትሻላለች? ብቻውን ለሚሠራ ሰው ባለ 1.3 ሊትር ሞተሯን ሱዙኪ ጂምኒ እላለሁ። ክብደቷ ከ1 ቶን ትንሽ ቢያልፍ ነው፣ ሻንሲ (ከሥር የሚሸከማት የብረት መሠረት) አላት፣ ፎር ሎውም (ቀስ ብሎ በብዙ ጉልበት የሚያስወጣው ከባድ ማርሽ) አላት። የፋብሪካው ወረቀት በሊትር 14 ኪሎ ሜትር ገደማ ይላል፣ በጭነትና በዳገት ግን ያንን አትጠብቁ። ችግሯ የኋላ ወንበር ላይ ሰው ከተቀመጠ ዕቃ ማስቀመጫ የላትም። ዳይሃትሱ ቴሪዮስ ሰፋ ትላለች፣ ሁሌም በአራቱም ጎማ ትሄዳለች፣ ነገር ግን ፎር ሎው የላትም፤ ረጅም ዳገት ላይ ፍሪሲዮን ታቃጥላላችሁ። ባለ 5 በር ሱዙኪ ቪታራ ሰውም ዕቃም ትችላለች፣ ነዳጅ ትጠጣለች እንጂ።

ፎር ሎው ላይ የማከርረው በምክንያት ነው። ሐዋሳ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ የሁላዋ ሀገረ ሰላም ከዚያ 1,000 ሜትር ያህል ከፍ ትላለች። ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ1,000 ሜትሩ 10 በመቶ ያህል ጉልበት ያጣል። ትንሽ ሞተር እዚያ ሲደርስ የሚያድነው ከባድ ማርሽ ነው።

ነዳጁን በሻጭ ወሬ አትመኑ። ፉል አስሞሉ፣ ኪሎ ሜትሩን ጻፉ፣ ይርጋለም ደርሳችሁ ተመለሱ፣ እዚያው ማደያ መልሳችሁ ፉል አስሞሉና የሄዳችሁትን ኪሎ ሜትር ለገባው ሊትር አካፍሉ። ከ2016 ወዲህ የነዳጅ አውቶሞቢል ማስገባት ስለተከለከለ ሻጩ ይኮራባችኋል፤ እናንተም ቤንዚኑን እኛ እንከፍላለን በሉት።

የኔን ዘንግ ከቀድሞው ባለቤት ጓሮ አገኘኋት። የዶሮ ቤት በር ደግፋ ቆማለች።